«ዲ አይነካም»

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ለወንዶቹ ሲገዛ ለእኔም አብሮ ተገዛ መሰለኝ፤ ትከሻዬ ላይ ሲጥሉት መሬት ጠረገ። አንድ ወጣት ከወረቀት ላይ «በኮምፒውተር ጥገና ሙያ ሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገሉ» ብሎ አነበበ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔ በሆዴ «ውሸት ነው» አልኩ። ግማሹን ዘመን ታይፒስት ነበርኩ፤ ታይፒስትነቴም የማፍርበት ነገር አይደለም። እንዲያውም ከሥራዬ ሁሉ አብልጬ የምኮራበትን ሥራ የሠራሁት በታይፒስት ጣቴ ነው። ጋቢውን ለባለቤቴ ሰጠሁትና ወረቀቱ የዘለለውን እኔው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ስሜ ፋጡማ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው። አባቴ አራዳ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ የአባቱም የአያቱም ሥራ ንግድ ነበር። እኔም ሜትር ይዤ ከባንኮኒው ጀርባ እንድቆም ነበር የታሰበው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የታይፕ ትምህርት ልማር ስል አባቴ ሦስት ቀን ዘጋኝ። በአራተኛው ቀን «ጣትሽን ለሰው ወረቀት ልታከራዪው ነው?» አለኝና የመመዝገቢያውን ከፈለልኝ። የእኛ ቤት ፍቅር እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይከፍላል።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ከጎንደር ፒያሳ ብዙ በማይርቅ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ መንግሥት ሲለወጥ ስሙም ሰሌዳውም ተለውጧል፤ እኔና ወንበሬ ግን እዚያው ቀረን። ደመወዙ ለጫማና ለቤት ኪራይ ከበቃ ተመስገን ነበር።

የአማርኛ ታይፕራይተር ላላየ ሰው ነገሩን ማስረዳት ያስቸግራል። ፊደሎቻችን ብዙ ስለሆኑ መኪናው ሁሉንም አይሸከምም። የፊደሉን ገላ አንዱ ቁልፍ ይመታዋል፤ ጭረቱን ወይም ቀለበቱን ሌላው ቁልፍ መጥቶ ይቀጥልበታል። «ለ» ተመትታ ከጎኗ ጭረት ሲጨመርላት «ሉ» ትሆናለች። መጀመሪያ ላይ ያሳብዳል። ከዓመት በኋላ ግን ዓይን ወረቀቱን ሲያነብ ጣት ብቻውን ይሄዳል፤ ጣቴ የት እንዳለ ብትጠይቁኝ አላውቅም፣ ጣቴን ብትጠይቁት ግን እያንዳንዱን ቁልፍ ያውቃል።

መኪናዬ የተበላሸች ጊዜ የምወስዳት ጋሼ አዱኛ ዘንድ ነበር። ጋሼ አዱኛ የመሥሪያ ቤቱ የታይፕራይተር ጠጋኝ ነው፤ ክፍሉ ከደረጃው ሥር ስለነበረች ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። ሰው መኪናውን ተሸክሞ መጥቶ «ጋሼ፣ ይችን ጠግንልኝ» ሲለው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «ጠግን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ይላል። «ትጣበቃለች» ይለዋል ሰውየው። «ትጣበቃለች ስትል ምን ማለትህ ነው? ቁልፏ ናት የምትጣበቀው ወይስ የቀለሙ ሪቫን?» በዚህ ያልተናደደ ሠራተኛ አልነበረም። አንዴ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ፣ ሐኪም እንኳ እንዲህ አይጠይቅም ብለው ጮኹበት። ጋሼ አዱኛ ምንም ሳይመስለው «ሐኪምማ በሽተኛው ቢሞትበት ይቀበርለታል። የእኔዋ ብትሞት ጠረጴዛዬ ላይ ነው የምትቀመጠው» አላቸው።

ጥያቄው ሲያልቅ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል። ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራቸዋል፤ ሲመልስ ከቀኝ ይጀምራል። የተማሪ ደብተር ላይ በአንድ ገጽ «ስትመጣ» ብሎ የመኪናዋን ሁኔታ ይጽፋል፤ ትይዩው ገጽ ላይ «ስትሄድ» ይላል። መኪናዋን ሲመልስም ባለቤቷን አስቀምጦ አንድ ሙሉ ገጽ ሳያስመታ አይለቅም፤ ሰው ቢቸኩልም ባይቸኩልም ግድ የለውም። በምሳ ሰዓት ከጎኑ እየቆምኩ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ዝም ብሎ ስክሩድራይቨሩን አቀበለኝ። ጓደኞቼ «ፋጡማ ጥፍሯን በግራሶ ቀባች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እሱ ጡረታ ሲወጣ ግን ለክፍሉ ቁልፍ ከእኔ ሌላ ተረካቢ አልተገኘም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ፤ አላህ ነፍሱን ይማረው፣ በቀብሩ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ኮምፒውተር ሲመጣ መጋረጃ ተሰቀለለት፣ ምንጣፍ ተነጠፈለት፤ ክፍሉ የሚገባውም ጫማ ተወልቆ ነበር። ካልሲው የተቀደደበት ቀን «ዛሬ እዚያ ክፍል ሥራ የለኝም» የሚል ሰው ሞልቶ ነበር። እኔ የተማርኩት ሲበላሽ ነው። ማንም ሳያየኝ ክዳኑን ፈትቼ፣ ብሎኖቹን በተራ ደርድሬ፣ ውስጡን አቧራ ሞልቶት ሳገኘው «ኤዲያ! አንተም እንደ ሌላው ነህ» አልኩት። ኮርስ ተላክሁ፣ ወረቀት ያዝኩ፣ የሥራ መደቤ ተለወጠ፤ ይኼ ሁሉ ፋይል ውስጥ ስላለ አልደግመውም።

አሁን ስለ አንድ ቃል ልናገር። «ፎርማት» የሚለው የባዕድ ቃል ትክክለኛ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በእኛ ከተማ ግን መድኃኒት ማለት ነው። ላፕቶፕ ዘገየ፣ ፎርማት። ቫይረስ ገባው፣ ፎርማት። ባለቤቱ ሻይ ደፋበት፣ እሱም ፎርማት ይደረግልኝ ይላል። ቃሉ እንዲህ የረከሰው እኛ ጠጋኞች አንድ ልማድ ስለነበረን ነው። የማንኛውንም ሰው ዲስክ ለሁለት ከፍለን ነበር የምንሰጠው፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም «ሲ» በምንለው ክፍል፣ የሰውየው ጽሑፍና ፎቶ ሁሉ «ዲ» በምንለው ክፍል ይቀመጣል። ፎርማት ስናደርግ የምናጥበው ሲን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው «ንብረቴስ?» ሲለን ሁላችንም የምንመልሰው አንድ ነበር፤ «ዲ አይነካም» እንላለን። ከደብረ ማርቆስ እስከ ሁመራ ጠጋኝ ብትጠይቁ ይህንኑ ነው የሚላችሁ። ቃል ኪዳናችን ነበር።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ላፕቶፖች ገዛ። ላፕቶፖቹ ከፋብሪካ ይዘውት የመጡት ሲስተም ለጥቂት ጊዜ ይሠራና የፈቃድ ቁልፍ ክፈሉ ይላል። ከተማው ሁሉ የሚያደርገው የተሰረቀ ቁልፍ ከሲዲ ላይ መጫን ነበር። እኔም አደርገው ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ነጋዴ ቤት ነው ያደግኩት፤ አባቴ ያልተከፈለበት ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። በዚያ ላይ ከተሰረቀው ጋር ቫይረሱ አብሮ ይመጣል፤ በየፍላሹ እየተላለፈ ሰኞ ያጸዳሁትን ማክሰኞ መልሼ አጸዳለሁ።

በዚህ ጊዜ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደብዳቤ ሊያስጽፍ መጥቶ ምሬቴን ሰማና አንድ ሲዲ ሰጠኝ። ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ነው አለኝ፤ የጻፉት ሰዎች ውስጡን ሳይደብቁ ለዓለም ሁሉ የለቀቁት፣ ማባዛቱም መስጠቱም ሌብነት ያልሆነ። መጀመሪያ አላመንኩትም። ነፃ የሚባል ዕቃ አራዳ ውስጥ አይቼ አላውቅም። እሱ ግን ሳቀና «እትዬ፣ ሌባ እንዳይደርስበት ሳይሆን ሰው እንዲወስደው ደጅ ላይ የተቀመጠ ነው» አለኝ።

በመጀመሪያ የሞከርኩት ሰው የጣለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ቀስ በቀስ ሲዲውን ወደ ፍላሽ ገልብጬ የራሴን ሥርዓት አበጀሁ። ባትሪው ሳይሞላ አልጀምርም፤ መብራት በመሃል ቢሄድ ግማሽ ሲስተም የተጫነበት ላፕቶፕ ምንም አይረባም። ሲበራ የትኛው ቁልፍ ተጭኖ ከፍላሽ እንደሚነሣ በየላፕቶፑ ይለያያል፤ ሁሉንም በደብተር ይዤ ነበር። ከዚያ ሳልጭነው ከፍላሹ ላይ አስነሣውና እፈትነዋለሁ። ድምፁ ይሰማል ወይ? ዋይፋዩን ይይዛል ወይ? ፕሪንተሩ ያውቀዋል ወይ? አማርኛ ያለ ችግር ይጽፋል ወይ? አንዱ እንኳ ከጎደለ መፍትሔውን ሳላገኝ የነበረውን አልነካም። የመሥሪያ ቤቱን ፋይሎችም አስቀድሜ ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣቸው ነበር፤ ስለዚህ አዲሱን ስጭን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ጠርጌ ነበር የምጭነው። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ሠራተኛው አጉረመረመ። የቁልፉ ቦታ ተቀየረ፣ ስዕሉ አላማረኝም፣ የማያልቅ ሰበብ። ኃላፊያችን አቶ ካሳሁን ደግሞ በሩን ዘግቶ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የካርታ ጨዋታው የት ሄደ?» አለኝ። ፈልጌ የነፃውን ካርታ አገኘሁለት። ሁለት ወር ሳይሞላ ቫይረስ የሚባል ነገር ከመሥሪያ ቤታችን ጠፋ፤ አቶ ካሳሁንም በየስብሰባው «እኛ ያስገባነው ሲስተም» ማለት ጀመረ። እኔም ኮራሁ። ኩራት ደግሞ ሲበዛ ዓይን ይጋርዳል፤ የኔም ጋረደኝ።

ከየወረዳው የመጡ መምህራን ላፕቶፕ አያያዝ እንዲሠለጥኑ ተወሰነና አሠልጣኟ እኔ ሆንኩ። ከመጡት አንዱ መምህር ደሴ ነው፤ ድብ ባሕር አካባቢ የሚያስተምር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ። በእረፍት ሰዓት ስለ ሥራው ነገረኝ። አንድ ዓመት ውርጭ የአካባቢውን ገብስ መታው፤ ሰዉ ፈጥኖ የሚደርስ የገብስ ዘር ፍለጋ ተንከራተተ። ዘሩ ለካ ከሁለት ተራራ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ቤት ነበር፣ ግን ማንም አያውቅም። መምህር ደሴ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ እየዞረ የገብስ ዘር ሁሉ ስሙን፣ መቼ እንደሚዘራ፣ የትኛው መሬት እንደሚስማማው፣ ከሁሉም በላይ የማን ቤት እንደሚገኝ ይጽፍ ጀመር። ስድስት ዓመት ሠርቶበታል። ደብተሮቹን የቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ሲያበላሽበት ተበድሮ ላፕቶፕ ገዛ፤ የዳነውን ሁሉ ወደዚያ ጻፈው። ዘር የጠፋበት ገበሬ ሲመጣ ላፕቶፑን ከፍቶ «እገሌ ቤት ሂድ» ይለዋል።

በሥልጠናው መጨረሻ ቀን ከክልል እንግዶች መጡ። አቶ ካሳሁን አንድ ላፕቶፕ በዓይናቸው ፊት እንድለውጥ ፈለገ። ከሠልጣኞቹ ላፕቶፕ በጣም የሚንቀራፈፈውን ምረጪ አለኝ፤ የመምህር ደሴ ነበረች። ልጁ ወደ ጠረጴዛው ይዞልኝ መጣና «እትዬ፣ ፎርማት ያድርጉልኝ፤ ያለኝ ሁሉ ዲ ላይ ነው» አለኝ።

«አይዞህ፣ ዲ አይነካም» አልኩት።

ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። እሱ ፎርማት ሲል የሚያውቀውን ፎርማት ነው ያለው፤ እኔም አፌ የለመደውን መለስኩ። እጄ ግን የለመደው የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ነው፤ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ጠርጎ መጫን። አዲሱ ሲስተም ሲና ዲ የሚባል ነገር አያውቅም። በእንግሊዝኛ «ዲስኩ በሙሉ ይጠረግ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ይዘው ይቆጥሩ ነበር፤ እኔም ፈጣን መሆኔን ላሳይ እየተጣደፍኩ ሳላነብ አዎ ብዬ ተጫንኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አዳራሹ አጨበጨበ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው መምህር ደሴ ነው።

እንግዶቹ ለሻይ ሲወጡ ልጁ ላፕቶፑን ሲነካካ ቆየና ቀና ብሎ «ዲ የት ሄደ?» አለኝ።

ላፕቶፑን ከእጁ ወሰድኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ላፕቶፑን ማጥፋት ነው፤ የተጠረገ ዲስክ ላይ ሌላ ነገር በተጻፈበት ቁጥር የቀረው እየጠፋ ይሄዳልና። አቶ ካሳሁን ነገሩን ሲሰማ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ። ላፕቶፑ የግሉ እንጂ የመሥሪያ ቤት እንዳልሆነ፣ ለኛም የሚያስጠይቅ እንዳልሆነ ነገረኝ። «ሀርድ ዲስኩ አርጅቶ ነው በይው። ይኸው ነው» አለ። እውነቱን ልናገር፤ እሱ ከመናገሩ በፊት እኔም አስቤው ነበር። የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረም። ወደ አዳራሹ ስመለስ ግን ልጁ ላፕቶፑን እንደታመመ ሕፃን ታቅፎ ተቀምጦ አገኘሁትና አፌ እምቢ አለ።

«ዲስኩ ጤነኛ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ማሽኑ ጠይቆኝ ነበር፤ ሳላነብ አዎ አልኩት።»

«የነገሩኝ ሰዎችኮ ግማሾቹ ሞተዋል፣ እትዬ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲስኩን ፈትቼ አወጣሁትና ወረቀት ጽፌ ፈረምኩለት፤ ምን እንደተረከብኩ፣ ምን እንዳጠፋሁ። ሲስተሙን ነፃ የለቀቁት ሰዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የሚሆን መሣሪያም ለቀዋል፤ ከተጠረገ ዲስክ ሥር የቀረውን ቁራጭ በቁራጭ የሚቆፍር ፕሮግራም ነው። ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ምንም ሳልጽፍበት እንዲያነበው ብቻ አደረግኩ። ቀናት ፈጀ፤ መብራት በሄደ ቁጥር እንደገና ነው። በመጨረሻ ፋይሎች መውጣት ጀመሩ፤ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ከፈትኳቸው። የላቲን ፊደል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ቅንፍ፣ የመቶኛ ምልክት እንደ ቆሎ የተበተነበት ገጽ ነው። በከተማው አሉ የሚባሉ ሁለት ወጣት ጠጋኞች አይተው ተበላሽቷል፣ ተይው አሉኝ።

እኔም ልተወው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ያንን ገጽ ዝም ብዬ ሳየው ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ይንቀሳቀሳል። ቁልቁል አየሁት። ጣቴ እየጻፈ ነው! መምህር ደሴ ለካ የተጠቀመው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የታይፕራይተርን ቁልፍ አደራደር እንዳለ የወሰደ ነበር። እኔ የማየው ኮተት ልጁ የመታቸው ቁልፎች ናቸው፤ ገላው በአንድ ምልክት፣ ጭረቱ በሌላ። ዓይኔን ከትርጉሙ አንሥቼ ምልክቶቹን ብቻ እያየሁ ጣቴን ለቀቅኩት። ገ። ብ። ስ። ገብስ።

ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩና እልል አልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ልጅ ዳርሽ እንዴ?» ብላ ሮጣ መጣች። ወጣቶቹ ጠጋኞች ከእኔ በላይ ኮምፒውተር ያውቃሉ፤ አሁንም ያውቃሉ። ያንን ገጽ ማንበብ ግን ከእነሱ አንዱም አይችልም ነበር። ይህን ስል ኩራት አይደለም አልልም፤ ኩራት ነው።

እያንዳንዱ ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ በሠንጠረዥ ጻፍኩ፤ ከዚያ ማሽኑ ራሱ በሠንጠረዡ መሠረት እየቀየረ አዲሱ ሲስተም በሚያነበው ፊደል ጻፈልኝ። ለሁለት የሚያሻሙትን እኔ በዓይኔ አረምኩ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ከዐሥራ አንድ ተኩል እስከ መግሪብ ሶላት ወራት ፈጀብኝ። አብዛኛው ዳነ። ከድብ ባሕር በላይ ያሉት መንደሮች ዝርዝር ግን የለም፤ አዲሱ ሲስተም ሲጫን በትክክል እነሱ ላይ ነው የተጻፈው።

መምህር ደሴን ደወልኩለትና ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩት። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ጉልበቴ ያመኛል፤ አይምጡ ብሎ ለመነኝ። ሄድኩ። ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ሄጄ እወርድና ከዚያ በእግር ነው። ስንት ቅዳሜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። በየቤቱ እየገባን እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እጽፋለሁ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ የግብር ሰዎች መሰልናቸው። አንዱ ሽማግሌ «ምነው፣ ባለፈው ነግሬህ አልነበረ? ረሳኸው?» ሲሉት መምህር ደሴ ወደ እኔ ሳያይ «አዎ አያ፣ ረሳሁት» አላቸው። እኔን ላለማጋለጥ ብሎ በራሱ ላይ ወሰደው። እኔ አልቻልኩም፤ «አልረሳም፣ አባቴ። ያጠፋሁበት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በየደጁ ጥፋቴን እየተናገርኩ ነበር የምገባው። የሚገርመው ሰው የበለጠ ያወራልን ጀመር።

የመጨረሻዋ ቤት የአያ ፈንቴ ነበረች። አያ ፈንቴ መምህር ደሴን ስለ ዘር በመጀመሪያ ያስተማሩት ገበሬ ናቸው፤ ሞተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩ ተቀበሉን። እስላም መሆኔን ሲያዩ ገብስ ቆሎ ይዘው መጡና «ብይ፤ ቆሎ ሃይማኖት የላት» አሉኝ። ከግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቅል አወረዱ። ውስጡ ቀጭን፣ ጠቆር ያለ ገብስ ነው። ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ዘር ናት፣ በመንደሩ እሳቸው ቤት ብቻ ነው ያለችው።

ስሟን ጠየቅናቸው።

«ስሟን እሱ ነበር የሚጠራት። ሸጋ ስም ነበራት» አሉ ወይዘሮ ጥሩ። «እኔ የፈንቴ ገብስ ነው የምላት።»

መምህር ደሴ ስሟን አንዴ ሰምቶ ጽፎት ነበር። ጽፌዋለሁ ብሎ ደግሞ በቃሉ አልያዘውም። ግንባሩን ይዞ ብዙ አሰበ፤ አልመጣለትም። ስም ከሌላት አንድ ገበሬ መጥቶ ሊጠይቅባት አይችልም፤ የማይጠየቅ ዘር ደግሞ ከዚያች ቅል ጋር ያልቃል። በዝርዝሩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አያ ፈንቴ ቤት። ቀድማ የምትደርስ፣ ጠቆር ያለች። ስሟ በፋጡማ ጥፋት ጠፋ።» መምህር ደሴ «በፋጡማ ጥፋት» የሚለውን ያውጡት አለኝ፤ አላወጣሁትም። ሲመለስ ወይዘሮ ጥሩ የሰጡትን አንድ እፍኝ በመሐረብ ቋጥሮ ሄደ፤ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ሊዘራት ነው።

ከዚያ በኋላም ብዙ ሠራሁ። የመምህር ደሴን ትምህርት ቤት ላፕቶፖች ሁሉ ለወጥኩ፣ የሌሎች ስድስት ትምህርት ቤቶችንም። በእያንዳንዱ ላይ ከመጀመሬ በፊት ባለቤቱን አስቀምጬ ዲ ላይ ያለውን አንድ በአንድ እያስቆጠርኩ ነበር፤ ሰው ተናዶብኛል፣ ይናደድ። አንድም ፋይል አልጠፋብኝም። መምህር ደሴ በየዓመቱ መኸር ላይ ይደውላል። እፍኟ ቁና ሆነች፣ ቁናዋ ጆንያ ሆነች፤ ገበያ ላይ ዛላዋን ይዞ ቆሞ የሚያውቃት ሰው ይጠይቃል። ማንም አያውቃትም ይለኛል።

ቁልፌን ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ስልኬ ጮኸ። መምህር ደሴ ነው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከሩቅ ወረዳ በቅሎ ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሲያልፉ ቆሙ አለኝ። አጥሩን ይዘው ብዙ አዩ። ከዚያ እሱን ጠርተው «ይችን ከየት አመጣሃት? እኛ ዘንድማ አባቴ ሲሞት ነው የጠፋች» አሉት። እንባ በዓይናቸው ሞልቶ ነበር አለኝ።

«እትዬ፣ ይጻፏት» አለኝ። «ክረምት አሻጋሪ ነው የምትባል።»

መምህር ደሴ ለዘር የሚሆን ቋጥሮላቸው ሽማግሌው ሄደዋል። ዝርዝሩን ከፈትኩና የአያ ፈንቴ ቤት ላይ ደረስኩ። ልጁ በስልኩ ውስጥ ሆኖ አሁንስ ያንን «በፋጡማ ጥፋት» የሚለውን ያጥፉት ብሎ ለመነኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ ጻፍኩና አነበብኩለት፤ «ክረምት አሻጋሪ። ስሟ በፋጡማ ጥፋት ጠፍቶ ነበር። ተገኘ።»